ዝናብ ፍለጋ የወረዱት

ቅዳሜ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነዳጅ ልቀዳ መኪናዋን ከቢሮው ግቢ ወደ ኋላ እያስወጣሁ ሳለ፣ አንዲት ሴት የኋላውን መስታወት በመዳፏ ደበደበችው። ፍሬን ያዝኩ። ሆዳን ነበረች፤ የከዚራን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረች የግመል ወተት የምትሸጥ፣ ከባንክ ሥራ አስኪያጅ እስከ ዘበኛ ሁሉንም በስሙ የምትጠራ ሴት።

«ዋርያ ክፍሌ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ? ቀስ በል አቦ። ሰውዬው አለ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የዝናቡ ሰውዬ ነዋ።»

የዝናቡ ሰውዬ የምትለው ኒቆዲሞስን ነው፤ የአየር ትንበያ ቢሯችን ከፍተኛ ባለሙያ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። አርባ ምንጭ ተምሮ ድሬ ከተመደበ ሦስት ዓመት ቢሞላውም ሙቀታችንን አልለመደውም፤ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ማለቱንም አልተወም። እኔ ደግሞ የሸማንደፈር ልጅ ነኝ፤ አባቴ በአሮጌው ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት መካኒክ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። እኛ ድሬ ውስጥ ሚኒስትርም ቢመጣ «አንተ» ነው የምንለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ኒቆዲሞስ «እርስዎ» ሲለኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞር ነበር።

ድምፃችንን ሰምቶ ራሱ ወጣ። ሌሊቱን ቢሮ ነው ያደረው፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። እጁ ላይ ከሳተላይት የተነሳ ምስል የታተመበት ወረቀት አለ። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ አንድ ነጭ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሳጋር የሚሉት አውሎ ነፋስ እሱ ነው። ለነፋስ እንደ ክርስትና ልጅ ስም እንደሚወጣለት ያን ሳምንት ነው የሰማሁት።

ሆዳን አነስ ያለች ቢጫ ጀሪካን ዘረጋችለት።

«ይኼ ለሽያጭ አይደለም። አባቴ ነው ትናንት ማታ በወተት መኪናው የላከልህ። ‹ዝናቡን ለነገረኝ ሰውዬ ስጪልኝ› ብሎ።»

«አባትዎ ያውቁኛል እንዴ?»

«በሬዲዮ ያውቅሃል። ሐሙስ ማታ በሶማሊኛው ፕሮግራም ጀልዴሳ ላይ ከባድ ዝናብ ይመጣል ተባለ። ስምህን ጠሩት። ወላሂ አባቴ አለቀሰ። ዓርብ ሱብሒ ሰግዶ ፍየሎቹን ነዳና ከዋሂል ኮረብታ ወረደ። አሥራ አንድ ቤተሰብ ተከትሎታል።»

ኒቆዲሞስ ጀሪካኗን እንደያዘ ቀረ። «የት ነው የወረዱት?»

«ጀልዴሳ፣ ወንዙ ውስጥ ነዋ። አሸዋውን ቆፍሮ ውሃ የሚገኘው እዚያ ነው። ሣሩ ሲበቅል ፊተኛ ልሁን ብሎ ነው።»

ሰውዬው ወተቱን ደረጃው ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ቁጭ አለ። ሆዳን ግራ ገባት። እኔ ግን የገባኝ ወዲያው ነው፤ ድሬ ተወልዶ ያደገ ይገባዋል። አርብቶ አደር ዝናብ ዘነበ የሚል ወሬ ሲሰማ ዝም ብሎ አይነሳም። መጀመሪያ ሰሐን ይልካል። ሰሐን ማለት ዝናቡ የወረደበትን ሄዶ በዓይኑ አይቶ፣ አፈሩን ጨብጦ የሚመለስ ሰው ነው። እሱ «አዎ» ሲል ነው ቤቱ ፈርሶ ግመል ላይ የሚጫነው። በዚያ ሰሞን ግን ሁለት ዓመት በድርቅ የተመታ ሕዝብ ሰሐን የሚልክበት ጉልበትም ትዕግሥትም አልነበረውም። ሬዲዮዋን ሰሐን አደረጋት። እኛ «ሽሹ» ያልን መስሎን ያወጣነውን ማስጠንቀቂያ፣ እነሱ «ኑ» ብለው ሰሙት።

ጽሑፉን የጻፈው ራሱ ኒቆዲሞስ ነው። «ከቅዳሜ ጀምሮ በጀልዴሳና በአካባቢው ቆላማ ቦታዎች ከባድ ዝናብ ይጠበቃል፤ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን» ይላል። አስፈላጊው ጥንቃቄ እንግዲህ መብራት ሲጠፋም፣ ጉንፋን ሲገባም፣ ኳስ ጨዋታ ሲኖርም የሚባል ነገር ነው። ማንም ጆሮ አይሰጠውም።

«ስልክ ደውዪላቸው» አላት፤ ደንግጦ ሳያስበው አንቺ አላት።

«ኔትወርክ ከሐሙስ ጀምሮ የለም።»

ወደ እኔ ዞረ። «ክፍሌ፣ ጀልዴሳ እንሂድ።»

«የእኔ ስምሪት ‹ድሬዳዋና አካባቢዋ› ነው የሚለው» አልኩት። አስቸጋሪ ለመሆን ፈልጌ አይደለም። ያን ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር፤ የመንግሥት ሹፌር ያለ ስምሪት ወረቀት ኬላ ላይ ከተያዘ ጣጣው ብዙ ነው። አለቃችን ደግሞ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስልኩ ጠፍቷል።

«ጀልዴሳ አካባቢዋ አይደለም?»

አሰብኩት። ነው። ሆዳን እስክንከፍትላት አልጠበቀችም፤ የኋላውን በር ከፍታ ገብታ ነበር።

ነዳጅ ቀድተን፣ ከተማውን ወጥተን፣ ኬላው ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ጭንቅላት ታፈላለች። ወታደሩ ስምሪቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ማህተሙን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«ከባድ ዝናብ ሊመጣ ነው» አለው ኒቆዲሞስ።

ወታደሩ ወደ ሰማይ አየ። አንዲት ደመና የለችም። «ይምጣ» አለና ገመዱን አወረደልን።

እኔም በበኩሌ በስፖኪዮ ወደ ኋላ ወደ ደንገጎ አየሁ። ይህ የድሬ ሰው በሽታ ነው። የእኛ ጎርፍ ከደንገጎ ተራራ ነው የሚወርደው። በ1998ቱ ሐምሌ መጨረሻ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሲሞላ ከዕቁባችን ሁለት ሰው ወስዶብናል፤ ከዚያ ወዲህ ደመና ባየን ቁጥር ዓይናችን ወደ ደቡብ ነው። ደንገጎ ያን ቀን ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ኒቆዲሞስን አላመነውም ነበር። አምናም በመጋቢት ዝናብ አለ ብሎ በሬዲዮ አስነግሮ ጠብ ሳይል ቀርቷል። ቀፊራ ገበያ ላይ ሰው መኪናችንን ሲያይ «ዣንጥላችሁን ያዙ» እያለ ሲያሾፍብን ከርሟል።

«ከዚያ አይደለም የሚመጣው» አለኝ፣ ዓይኔን ተከትሎ። በጣቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሳየኝ፤ ሜዳው ከሰማይ ጋር ወደሚገናኝበት። «ከባሕር ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሶማሌላንድ ጠረፍ ይደርሳል። ወደ ማታ ጫፉ እዚህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ድረስ ሲገባ በእኛ መዝገብ ላይ አላገኘሁም።»

«ስንት ይሆናል?» አልኩት።

«ቆላው በዓመት የሚያገኘውን ግማሽ ያህል። በአንድ ሌሊት።»

ሆዳን ከኋላ ሆና ስትሰማ ቆየችና፣ «አንተ» አለችው፤ «አባቴ ሦስት መቶ ፍየል ቀብሯል። የቀረችው መቶ አርባ ናት። እናቴም እዚያ ናት፣ የወንድሜ ሚስት አራስ ናት። ሐሙስ ይኼን ሁሉ ለምን አላልክም?»

ኒቆዲሞስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ መንገዱን ማየት ቀጠልኩ፤ ሹል ድንጋይ የበዛበት ፒስታ ነው፣ ዓይን አያስነሳም። የውሃ ፕላስቲኬን ከእግሬ ሥር ገፋሁት፤ ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ጾመኛ ሴት ከኋላዬ አስቀምጬ ልጠጣ አልችልም።

ወንዙ ውስጥ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ወንዝ ይባል እንጂ እንኳን ውሃ እርጥበትም የለው፤ ሰፊ ነጭ አሸዋ ነው፣ ከዳርና ከዳር ግራር የቆመበት። መሐል አሸዋው ላይ የሆዳን አባትና አሥራ አንዱ ቤተሰብ ቤታቸውን ተክለዋል። ሴቶች ከተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ በቆርቆሮ ይቀዳሉ። ፍየሎቹ ዙሪያውን ተኝተዋል፣ ዘጠኝ መቶ ግድም ይሆናሉ፤ አጥንታቸው በቆዳቸው ላይ ይቆጠራል። ሰዎቹ ግን ሠርግ የጠሩ ይመስላሉ። ሕፃናት መኪናዋን ሲያዩ እየሮጡ መጡ።

የሆዳን አባት ዒልሚ ከአንድ ግራር ሥር ተነሳ። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል። ጺሙን በሂና አቅልሟል።

«አዴር በለው» አለችው ሆዳን ለኒቆዲሞስ። «አጎቴ ማለት ነው። እሱም መልሶ አዴር ይልሃል።»

ሽማግሌው የኒቆዲሞስን እጅ በሁለት እጁ ያዘና አልለቅም አለ። ኬላው ላይና ገበያው ላይ በተማረው አማርኛ መረቀው። ፀሐይ ስትጠልቅ ፍየል እንደሚያርድለትም ነገረው። ከመቶ አርባዋ አንዷን።

«አዴር» አለ ኒቆዲሞስ፣ «እባክዎ ፍየሏን አይረዱ። ከዚህ መውጣት አለባችሁ። አሁኑኑ።»

«ዝናቡ ቀረ?»

«አልቀረም። እየመጣ ነው።»

«ታዲያ?»

«ብዙ ነው። ከመጠን በላይ።»

ዒልሚ እጁን ለቀቀው። ሌሎቹ ወንዶች ተሰበሰቡ። «ብዙ ዝናብ መጥፎ ነው ያለህ ማነው? እኔ ድርቅ ሲገድል አይቻለሁ። ዝናብ ሲገድል አላየሁም።»

«ወንዙ ይሞላል።»

«ወንዝ ይሞላል። ድምፁን እንሰማለን፣ እንወጣለን። አባቴም እንደዚህ ነው የኖረው።»

ኒቆዲሞስ ወረቀቱን አወጣ። ሰማንያ፣ መቶ ሚሊ ሜትር እያለ ያስረዳ ጀመር። ሽማግሌው እስኪጨርስ በጨዋ ደንብ ጠበቀው።

«ሚሊ ሜትሩ የእናንተ ነው» አለው። «አምና ዝናብ አለ አልክ፤ አልመጣም። ዘንድሮ አለ አልክ፤ ወረድን። እዚህ ስንደርስ ደግሞ ውጡ ትላለህ። አዴር፣ ቁርጥህ የትኛው ነው?»

ሰውዬው አፈረ። ያፈረ ሰው ወይ ይቆጣል ወይ ይዋሻል፤ ኒቆዲሞስ ሁለቱንም አላደረገም። «አምና ተሳስቻለሁ» አለ። «ሐሙስም ተሳስቻለሁ። ዝናቡን ነገርኳችሁ፤ የት ሆናችሁ እንደምትጠብቁት ግን አልነገርኳችሁም። የመጣሁት ለእሱ ነው።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ብሎ ሳቀ፤ ሆዳን ዞር ብላ አየችውና ሳቁን ዋጠው። እኔ በሰው ክርክር መግባት አልወድም፤ መኪና ነው የምነዳው። ግን ያ ወረቀት ላይ ያለው ነጭ ነገር ሲሽከረከር ታየኝና፣ «ነፋሱስ?» አልኩ።

«ምን?» አለ ኒቆዲሞስ።

«አውሎ ነፋስ ነው አላልክም? ታዲያ ነፋስ የለውም?»

«አለው እንጂ። ከማታ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ይነፍሳል። ከዝናቡ ጋር። ቀዝቃዛ ነው።»

ሆዳን ይህን ለአባቷ ተረጎመችለት። ዒልሚ ጎንበስ አለና አጠገቡ የተኛችውን ፍየል ጀርባዋን ይዞ አነሳት። የጀርባ አጥንቷን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጨመቀ። ሥጋ የለም። ፍየሏን ቀስ አድርጎ መለሳት።

«ሬዲዮው ነፋስ አላለም» አለ።

«አላለም» አለ ኒቆዲሞስ። «ነፋሱን ለጀልባዎች ብቻ ነው የጻፍኩት። እዚህ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።»

«ድርቅ የጨረሳት ፍየል ዝናብ ትችላለች። ነፋስም ትችላለች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን እስከ ጠዋት አትቆይም። ስብ የላትም።» ይህን ያለው ለእኛ ሳይሆን ለራሱ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ በሶማሊኛ ጮኸ፤ ሴቶቹ ቆርቆሯቸውን ጣሉ። አንድ ቃል ነው ያዳነን። ጎርፉን ብንነግራቸው እስከ ማታ በተከራከሩ ነበር። ብርዱን ግን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ችግሩ መውጫው ነው። ከወንዙ በላይ ያለው ኮረብታ መላጣ ነው፤ ከነፋስ የሚከልል ቁጥቋጦ እንኳ የለውም። በዚያ ሁሉ ሜዳ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሰፊ ቦታ አንድ ብቻ ነው፦ ከፍ ብሎ የተሠራው ትምህርት ቤት፣ አራት ክፍል በብሎኬት። ቀድመን ሄድን።

በሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል፤ የጥበቃ ኮፍያውን እንደ መኮንን ቀጥ አድርጎ ደፍቷል። ሞሐሙድ ይባላል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ ግቢው ውስጥ የተተከለውን የእኛን የዝናብ መለኪያ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አንብቦ ቁጥሩን ለኒቆዲሞስ የሚደውልለትም እሱ ነው። ተያይተው ግን አያውቁም።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ» አለ ሞሐሙድ፣ ኒቆዲሞስ ስሙን ሲነግረው፤ ፊቱ በራ። «ና፣ ላሳይህ። አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ወላሂ ልጄ የሞተች ቀንም አንብቤያለሁ።»

መለኪያው ግቢው መሐል ነው፤ ክንድ የሚያህል የቆርቆሮ ጣሳ፣ በሲሚንቶ ተተክሎ። ዙሪያው ያለው ሽቦ አጥር በአንድ በኩል ወድቋል፤ ጣሳው ግን ተወልውሎ ያብረቀርቃል። መዝገቡን አመጣ። ገጹ ሙሉ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ነው፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ዘንድሮ ዜሮ ያልሆነው ስድስት ቀን ብቻ ነው።

ኒቆዲሞስ ጉዳዩን ነገረው። ዘጠኝ መቶ ፍየል፤ ክፍሎቹም ግቢውም።

ሞሐሙድ ወደ ቤቱ ገባና በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ ይዞ ወጣ። የቢሯችን ደብዳቤ ነው። «የዝናብ መለኪያው በእንስሳት ስለሚጎዳ፣ በማንኛውም ምክንያት ከብትም ሆነ ፍየል ወደ ግቢው እንዳይገባ በጥብቅ እናሳስባለን።» ማህተም አለው። ፊርማው የኒቆዲሞስ ነው።

ወደው አይስቁ ይባላል። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

«እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ እኔው አንስቼዋለሁ» አለው።

«በደብዳቤ የመጣውን በአፍ አላነሳም» አለ ሞሐሙድ። ግትርነት አልነበረም፤ ሰውዬው ጨንቆታል። «ርዕሰ መምህሩ ሰኞ ሲመጣ ክፍሉን በፍየል አገኘው እንበል። ማን ፈቀደልህ ይለኛል። በስልክ የማውቀው ሰው ነው ልበለው? ማህተም አለህ?»

ማህተሙ ድሬ ነው፤ የአለቃችን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ከበታቻችን የፍየሎቹ ድምፅ እየቀረበ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ከሜዳው ጫፍ ላይ አንድ ጥቁር መስመር መጥቷል፤ ያን ጊዜ ነው ኒቆዲሞስን ያመንኩት። ኪሴ ገባሁና የስምሪት ወረቀቴን አወጣሁ። ማህተም አለው፤ የቢሯችን ማህተም፣ ሰማያዊ፣ ክብ።

«ጀርባው ላይ ጻፍበት» አልኩት ኒቆዲሞስን።

መኪናዋ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፦ «ስለ እንስሳት ክልከላ የተሰጠው ትእዛዝ ከዛሬ ጀምሮ ተነስቷል። ፍየሎች ወደ ግቢውና ወደ መማሪያ ክፍሎች ይግቡ። ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊነቱን የምወስደው እኔ ነኝ።» ፈረመ። ሞሐሙድ አነበበው፣ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

«ማህተሙ በዚያኛው በኩል ነው።»

«ወረቀቱ ግን አንድ ነው» አልኩት።

ሞሐሙድ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ቁልፎቹን አወጣ። በሩን ከመክፈቱ በፊት ግን ዞሮ መለኪያውን አየው።

«ይገለብጡታል» አለ ቀስ ብሎ። «ዓመቱን ሙሉ ዜሮ ስጽፍ ከርሜ፣ ትልቁ ዝናብ ዛሬ ማታ ነው አልክ። ዛሬ ማታ ይገለብጡታል።»

«ሌላ ቦታ ማንሳት አይቻልም?»

«በሲሚንቶ ነው የተከላችሁት።»

ሞሐሙድ በሩን በሰፊው ከፈተው።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፍየል ስናስገባ ዋልን። እናቶቹንና ግልገሎቹን ክፍሎቹ ውስጥ አጨቅናቸው፤ ዴስኮቹን ደራርበን መስኮት ደፈንን። አራሷንና አሮጊቶቹን የርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስገባን። ጠንካራዎቹ ፍየሎች በግቢው ግድግዳ ሥር ተደረደሩ። ሞሐሙድ አንዴ ፍየል ይነዳል፣ አንዴ ሮጦ ሄዶ ከመለኪያው አጠገብ ይቆማል፤ የወደቀውን አጥር በዴስክ ለመድፈን ሞከረ። ጥቁሩ መስመር ሰማዩን ግማሽ ሸፈነው። አዛን ሲባል ሆዳን ለሁሉም ተምር አደለች፤ ለእኔም ሰጠችኝ። ፍሬውን ሳልተፋ ነፋሱ መጣ።

የመጀመሪያው ምት የሦስተኛውን ክፍል በር ከማጠፊያው ነቀለው። ውስጡ ሁለት መቶ ፍየል አለ፤ ግልገል የሚበዛው እዚያ ነው። ሞሐሙድ ያን ጊዜ መለኪያው ጋ ነበር። ወደ በሩ አየ፣ ወደ ጣሳው አየ። ሮጦ መጣና በሩን አንስቶ ቦታው መለሰው፤ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። እኔ በአንድ በኩል፣ ኒቆዲሞስ በሌላ በኩል ገባን። እንደዚያ ሆነን ነው ያደርነው። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚመጣው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም ከታች ከወንዙ በኩል አንድ ድምፅ ሰማን፤ አባቴ የሚጠግነው የጭነት ባቡር በድልድይ ላይ ሲያልፍ የሚያሰማው ዓይነት። ዒልሚ በጨለማው ውስጥ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ጠራ፣ ሁሉም «አለሁ» አሉ።

ሲነጋ ዝናቡ ቆሟል። ከዒልሚ ፍየሎች ዘጠኝ ሞተዋል፤ ከሌሎቹም ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት፣ ከክፍሎቹ ውጭ የነበሩት። ሰው ሁሉ አለ። አራሷ ልጇን እያጠባች ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ከቆላው ሁሉ የመጣውን መንጋ አለቀ የሚል ወሬ ስለማውቅ፣ ዘጠኝ ፍየል ለእኔ ምንም አይደለም። ለዒልሚ ግን ዘጠኝ ነው፤ እያንዳንዷን በእጁ ጎትቶ አወጣ።

መለኪያው ከሲሚንቶው ተገንጥሎ ጭቃ ውስጥ ተደፍቷል። አፉ ተጨፍልቋል፤ ላዩ ላይ አንድ ወጠጤ ቆሞበታል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሞሐሙድ እጁን ታጥቦ መዝገቡን ይዞ መጣ። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ኒቆዲሞስ አሳዘነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለው ነገር እንዳለው ሆኖለት ነበር፤ የሚመሰክርለት ቁጥር ግን የለም።

«መቶ ብለህ ጻፍ» አልኩት ሞሐሙድን። «ማን ያውቅብሃል? በርሜሉ እንኳ ሞልቷል።»

«ኒቆዲሞስ ይበል» አለ ሞሐሙድ፣ ሳያየኝ።

ኒቆዲሞስ የተጨፈለቀውን ጣሳ ከጭቃው አንስቶ በሸሚዙ እየጠረገ ነበር። «አንተ ያየኸውን ጻፍ» አለው። የዚያን ቀን «አንተ» አለ።

«ዜሮውንም ዓይቼ ነው የጻፍኩት። ይኼን አላየሁትም።» ሞሐሙድ እስክሪብቶውን አንስቶ በሚያምረው ጽሑፉ «አልተለካም» ብሎ ጻፈ። ጻፈና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰው ለቁጥር ሲያለቅስ በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ አልሳቅሁም።

ዒልሚ ከበሩ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። «ምን ብሎ ጻፈ?» አላት ሆዳንን። ነገረችው።

ሽማግሌው መጥቶ ሞሐሙድን እጁን ያዘው፤ መዝገቡን እንደያዘ ቁልቁል ወሰደው። ተከተልናቸው። ወንዙ ጎድሎ መሐል ለመሐል ቡናማ ውሃ ብቻ ይፈስሳል። ትናንት ቤት የነበረበት አሸዋ ተጠርጎ ሄዷል፤ ጉድጓዶቹ የሉም፣ ሦስት ግራር ከነሥሩ ተነቅሏል። ዒልሚ ከሥሩ ተነስቶ የተቀበለን ግራር ግን ቆሟል። ቅርንጫፉ ላይ ጎርፉ የተወው ጭራሮ፣ የተቀደደ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ ጫማ ተንጠልጥሏል።

ሽማግሌው ጭቃውን እየረገጠ ሄደና ምንጣፉን አንጥፎበት በነበረው ቦታ ላይ ቆመ። ቀጥ አለ። በትሩን ይዞ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ የበትሩ ጫፍ ጭራሮው ጋ አልደረሰም።

«ይኼ ይታይሃል?» አለው።

«ይታየኛል።»

«ያየኸውን ጻፍ።»

ሞሐሙድ ሜትር አልነበረውም፤ እኔም መኪናዬ ውስጥ ያለኝ ክሪክና ገመድ ብቻ ነው። ሽማግሌውን ከእግሩ እስከ ራሱ ለካው በዓይኑ። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ «አልተለካም» ካለበት ጎን፣ ማስታወሻ በሚለው ዓምድ ላይ ጻፈ፦

«ውሃው፦ ከአዴር ዒልሚ በላይ።»